የቲሙ የሚያድርበት ቤት የአማናችን መመዘኛ ነው

(ለድጋፍ ሰጪዎችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው አድገው ለየቲሞች ጠበቃ በሆኑት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለየቲሞች በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ ጥራትና ደኅንነት የሚል ነው። ስለ የቲም በተሰበሰብን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ገንዘብ ነው። ስንት ልጆች ተመዘገቡ? ስንቶቹ ድጋፍ አገኙ? ስንቶቹ ተራ ይጠብቃሉ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ገንዘቡ ከእጃችን ወጥቶ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ አሳዳጊዋ ፈርማ ከተቀበለችው በኋላ ወደ አንድ ቤት ይገባል። ልጁ የሚበላው፣ የሚተኛው፣ የሚታመመው፣ ሲከፋውም የሚያለቅሰው በዚያ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰደቃችን በትክክል የቲሙ ዘንድ መድረሱን ደረሰኙ ብቻውን አይነግረንም፤ የሚነግረን ቤቱ ነው።

ከዘመድ ቤት የሚቀድም የለም

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸውን ያጡት ገና ሳይወለዱ ነበር። ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን እናታቸው አሚና ሞቱ፤ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብም ወሰዷቸው። በስምንት ዓመታቸው እርሳቸውም ሲያልፉ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው። አቡ ጧሊብ ቤተሰባቸው ብዙ፣ ሀብታቸው ግን አነስተኛ ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የቲም የሚያድግበት ቀዳሚው ቦታ የዘመድ ቤት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የቤቱ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወገኖቹ ለመለየት ምክንያት የማይሆን መሆኑ ነው።

የዓለም መንግሥታትም ዘግይተው ወደዚሁ ሐሳብ መጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የሕጻናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለማውጣት በቂ ምክንያት እንደማይሆንና እህትማማቾችና ወንድማማቾች በተቻለ መጠን እንዳይለያዩ ይደነግጋል። በአገራችንም በዚያው ዓመት የአማራጭ የሕጻናት እንክብካቤ መመሪያ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሕጻናትን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ቀርቷል። በመሆኑም ወላጁን ያጣ ልጅ መጠጊያው እዚሁ በመካከላችን ያለ ቤት ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አሳዳጊው ባሏ የሞተባት እናቱ ናት። እናትም ካልኖረች አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ አንዳንድ ጊዜም ራሷ ገና ያልጠነከረች ታላቅ እህት ትሆናለች።

ይሁን እንጂ የዘመድ ቤት መሆኑ ብቻ ቤቱን ደኅና ቤት አያደርገውም። የዛሬው ንግግሬ መነሻም ይኸው ነው።

ማዕዱ አንድ ይሁን፣ ሒሳቡ ይለይ

የየቲሞችን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበሉትን በብርቱ የሚያስጠነቅቁት የቁርኣን አንቀጾች በወረዱ ጊዜ፣ ከእነርሱም አንዱ የሱረቱ ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ ነው፣ በቤታቸው የቲም የነበረ ሶሓቦች ደነገጡ። ኢብኑ ዐባስ እንዳስተላለፉት፣ የየቲሙን ምግብና መጠጥ ከራሳቸው ለዩ። ከልጁ ምግብ የተረፈ ካለ እርሱ እስኪበላው ወይም እስኪበላሽ ድረስ ይቀመጥ ነበር። ይህም ከበዳቸውና ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። በዚህ ጊዜ የሱረቱል በቀራህ 220ኛ አንቀጽ ወረደ። አንቀጹ አብሮ መኖርን ፈቀደ፤ ግንኙነቱንም በወንድማማችነት ላይ መሠረተ። መለኪያው ለየቲሞቹ የሚበጀውን ማድረግ መሆኑን፣ አላህም የሚያበላሸውን ከሚያሳምረው ለይቶ የሚያውቅ መሆኑን አሳሰበ።

እስቲ ይህን ታሪክ ወደ ቤታችን እናምጣው። የቲም በቤት ውስጥ በሁለት መንገድ ይበደላል። አንደኛው፣ መቀላቀልን ሰበብ አድርጎ ገንዘቡን መብላት ነው፤ ለልጁ የመጣው ብር በቤቱ ወጪ ውስጥ ይሰምጥና ልጁ ያለ ደብተርና ያለ ጫማ ይቀራል። ሁለተኛው፣ መለየትን ሰበብ አድርጎ ልጁን ባዕድ ማድረግ ነው፤ ሳህኑ ለብቻ፣ መኝታው ለብቻ፣ ስሙም «የእርዳታው ልጅ» ይሆናል። የቁርኣኑ መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። የየቲሙ እጅ ከቤቱ ልጆች እጅ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ይዘርጋ፤ የየቲሙ ሒሳብ ግን በመዝገብ ይለይ።

የእንክብካቤ ጥራት በምን ይታወቃል?

በአገራችን ለወላጅ አልባና ለተጋላጭ ሕጻናት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመሪያ እንክብካቤውን በሰባት ዘርፎች ይከፍለዋል፦ መጠለያና እንክብካቤ፣ የቤተሰብ ኢኮኖሚ ማጠናከር፣ የሕግ ከለላ፣ ጤና፣ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ፣ ትምህርት፣ ምግብና ሥርዓተ ምግብ። እኛ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ሸፍነን «የቲሙን ይዘነዋል» እንላለን። እህልና የትምህርት ቤት ክፍያ ሰጥተን፣ ልጁ ሌሊት በፍርሃት እንደሚባንን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን ላይኖር ይችላል።

ጥራትን ለማወቅ የተራቀቀ መለኪያ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ የቲሙን ከአሳዳጊው ልጆች ጋር ማስተያየት ነው። በዚያ ቤት ማለዳ መጀመሪያ የሚነሳው ማን ነው? ማታ መጨረሻ የሚተኛውስ? ውሃ የሚቀዳው፣ ሱቅ የሚላከው፣ ታናናሾቹን የሚያዝለው ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነውን? ሥጋ በተገኘ ቀን፣ ለዒድ ልብስ በተገዛ ጊዜ የቲሙ ከሌሎቹ እኩል ደርሶታልን? ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ የሚቀረው ስንት ቀን ነው? ቤቱ ደሃ ከሆነ ሁሉም ልጆች እኩል ይቸገራሉ፤ ይህ የአላህ ፈተና ነው፣ ድጋፋችንን እንጂ ወቀሳችንን አይሻም። አንዱ ብቻ ሲቸገር ግን ድህነት ሳይሆን በደል ነው። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም በ576ኛ አንቀጹ፣ በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያጎሳቁለውን፣ ችላ የሚለውን፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራውን ወይም የሚደበድበውን ሰው ያስቀጣል።

በቤት ውስጥ ያሉ አደጋዎች

የሚከተሉት ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ ሕይወት የሚያልፈው ግን በእነርሱ ነው።

1ኛ. እሳትና ከሰል። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም። ልጅ ሲቃጠል ደግሞ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሳል። የሚበጀው የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

2ኛ. መርዝ። ነጭ ጋዝና በረኪና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መቀመጥ የለባቸውም፤ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። የአያት የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትም ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ።

3ኛ. ተቅማጥ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚሞተው ፈሳሽ ከሰውነቱ ስላለቀ ነው። አንዱን የለምለም ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት፣ ምግብና ጡት አለማቋረጥ፣ ከጤና ባለሙያ የሚሰጠውንም የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው መስጠት ያስፈልጋል።

4ኛ. የተመጣጠነ ምግብ እጥረት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ስላለበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ልኬቱን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሠሩታል። የክትባት ካርዱም አብሮ ይታይ፤ የሟች እናት ካርድ ከእርሷ ጋር ጠፍቶ ልጁ ክትባቱን ሳይጨርስ እንዳይቀር።

5ኛ. መኝታ። ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። በአንዲት ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ፍራሽ ወይም አንድ መጋረጃ መግዛት ከብዙ ምክር የሚበልጥ ሰደቃ ሊሆን ይችላል።

ዝም የማይባልበት ጉዳይ

አሁን የምናገረው በመስጂዶቻችንም ሆነ በቤቶቻችን በይሉኝታ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። ልጅን በክብሩ ላይ የሚደፍረው ብዙ ጊዜ እንግዳ ሰው አይደለም፤ ቤት የሚገባ፣ ልጁ የሚያውቀውና ቤተሰቡ የሚያምነው ነው። አባት የሌለው ልጅ «ለአባቴ እነግራለሁ» ማለት ስለማይችል ለዚህ በደል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በመሆኑም ዘመድም ይሁን ተከራይ፣ አስጠኚም ይሁን የቁርኣን አስተማሪ፣ የእኛም የማኅበር ሠራተኛ ቢሆን ከልጅ ጋር ዘግቶ ብቻውን መቀመጥ የለበትም። ይህ ደንብ ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ ሁሉንም የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ንጹሑን ሰው ከሐሜት፣ ልጁንም ከአደጋ ይጠብቃል።

ልጅ ተጎዳሁ ካለ ይደመጥ። አይገረፍ፣ «ማንም እንዳይሰማ» አይባል። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነውና። ቀጥሎም ለፖሊስና በሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ለሚሠራው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይነገር። ሽምግልና በባልና በሚስት፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል መልካም ነው። የልጅን መደፈር በሽምግልና መሸፈን ግን በደሉን ማጽደቅ ነው፤ በአገሪቱ ሕግም ይህ በዕርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

ተንከባካቢዋን ማን ይንከባከባት?

ብዙ የቲሞች የሚያድጉት በአያቶች እጅ ነው። አያት ዛሬ ተንከባካቢ ናት፤ ነገ ግን እርሷ ራሷ እንክብካቤ ትሻለች። እናቲቱ ወይም አያቲቱ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ቤቱ ውስጥ ጸጥ ያለ ለውጥ ይመጣል። ታላቂቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ትቀቅላለች፣ ታጥባለች፣ ሕመምተኛዋን ታገላብጣለች፣ ታናናሾቿን ታሳድጋለች። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» ይላታል። ነገር ግን ይህች ልጅ ምስጋና ብቻ ሳይሆን ተተኪ እጅ ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ ማኅበራችንና ጀመዓችን ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ከሰፈሩ እናቶች ሁለት ሦስቱ በሳምንት ተራ ገብተው ሕመምተኛዋን ቢያጥቡ ልጅቷ ትምህርቷን አታቋርጥም። አልጋ ላይ የቀረን ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስቀየር፣ ቆዳዋን ማየትና ማድረቅ፣ አንሶላዋን ማስተካከል ቁስል እንዳይወጣባት ይረዳል። ቁስልና ደም የሚነካ ሰው ጓንት ያድርግ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ይህን ሥራ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያለ ትምህርትና ያለ ጓንት መተው ሁለቱንም መጉዳት ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ፣ እነዚህን ቤቶች ማሳወቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ደግሞም አያት በሕይወት ሳለች አንድ ጥያቄ በርኅራኄ ይጠየቅ፦ ከእርሷ በኋላ ልጆቹን ማን ይረከባል? ይህን ኑዛዜ በጊዜው፣ በምስክር ፊት ማድረግ ልጆቹ በለቅሶው ማግስት እንዳይበታተኑ ይረዳል።

ጥየቃ ጥርጣሬ አይደለም

አንዳንድ አሳዳጊዎች «ለምን ትመረምሩናላችሁ? አላመናችሁንም እንዴ?» ይላሉ። አነጋገራቸው ልብ ይነካል፤ በችግር ውስጥ ሆነው የሰው ልጅ ያቀፉ ሰዎች ናቸውና። መልሱን ግን ቁርኣን ሰጥቶናል። የሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የየቲሙ ንብረት ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም ያዛል። ሀብታም የሆነው አሳዳጊ ከንብረቱ እንዲቆጠብ፣ ደሃው ደግሞ በአግባቡ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። እንግዲህ ምስክር ማቆም የመተማመን ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ አላህ ባላዘዘን ነበር። ደሃ እናት ከድጋፉ በአግባቡ መጠቀሟም ነውር አይደለም፤ በግልጽ ይጻፍ፣ አንገቷንም አትድፋ።

አባት ቤት፣ መሬት ወይም የጡረታ መብት ትቶ ከሆነ ጉዳዩ በሕግ ፊት መቀመጥ አለበት። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ስለ ልጁ አካልና አስተዳደግ የሚያስበውን «አሳዳሪ»፣ ስለ ንብረቱ የሚያስበውን «ሞግዚት» ብሎ ለይቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በ188/1992 አዋጅ የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ተከራካሪዎች ሲስማሙ የሞግዚትነትና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ። የየቲም ውርስ በቃል ስምምነት ብቻ እንዳይቀር አደራ እላለሁ።

ጠያቂዎችም አደብ አለባችሁ። ወንድ የሌለበት ቤት እህቶች ይሂዱ። አንዳንድ ጊዜ ቀን አስታውቃችሁ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳታስታውቁ ሂዱ። ልጁን ሰው በሚያያችሁ፣ ነገር ግን በማይሰማችሁ ቦታ አነጋግሩት። ስለ ቤቱ ጓዳ ውጪ አታውሩ፤ ጊባ ነው። ጉድለት ካያችሁ አንዱን መርጣችሁ አሳዳጊዋ እንድታስተካክለው አግዟት፣ በሚቀጥለው ጊዜም ተመልሳችሁ እዩት። ያልተመለሰ ጠያቂ እንዳልሄደ ይቆጠራል።

ለድጋፍ ሰጪዎች

በአገር ውስጥም ሆነ በአረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆናችሁ ድጋፍ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ድጋፉን ማቆም ግድ ቢሆንባችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። በድንገት የተቋረጠ ድጋፍ ልጁን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ገበታ ያስነሳል። ሁለተኛ፣ የልጁን ፎቶግራፍና የምስጋና ደብዳቤ ደጋግማችሁ አትጠይቁ። ፊቱ በየስልኩ የሚዞር ልጅ አድጎ ሲያየው ያፍራል፤ ለክፉ ሰዎችም አድራሻውን ያመለክታል። ከፎቶግራፉ ይልቅ «ባለፉት ሦስት ወራት ቤቱ ስንት ጊዜ ተጎበኘ? ምን ጉድለት ተገኘ? ምን ተስተካከለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ብዙዎቻችን «የምሰጠው እያንዳንዷ ሳንቲም ለልጁ ብቻ ትሁን» እንላለን። ኒያችን መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱን የምትጎበኘው እህት የምትሳፈርበት ታክሲ፣ ጓንቱ፣ መዝገቡ፣ ለአሳዳጊዎች የሚሰጠው የአንድ ቀን ሥልጠና ለልጁ ካልሆነ ለማን ነው? ዘካ ተቀባዮቹ በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ የተወሰኑ ስለሆኑ በእርሱ ጉዳይ ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ። ከሰደቃችንና ከወቅፋችን ግን ለዚህ ሥራ ድርሻ እንመድብ። አሥር ቤት እየረዱ አሥሩንም ማወቅ፣ ሃያ ቤት እየረዱ የአንዱንም በር ካለማንኳኳት ይሻላል።

በመጨረሻም ለአሳዳጊ እናቶቻችንና አባቶቻችን እንዲህ እላለሁ። እናንተ የተሸከማችሁትን እኛ የምናግዘው በጥቂቱ ነው። ቤታችሁን የምናንኳኳው ልናዋርዳችሁ ሳይሆን ሸክሙን አብረን ለማንሳት ነው። ስትደክሙ ንገሩን፤ ልጁ ሲያስቸግራችሁ፣ ቁጣ ሲያሸንፋችሁ ንገሩን። ለእርዳታ የተጣራች አሳዳጊ አላጎደለችም፤ አማናዋን ጠብቃለች።

አላህ የቲሞቻችንን በጥበቃው ሥር ያድርጋቸው። አሳዳጊዎቻቸውን ጤናና ሶብር ይስጣቸው፤ የሰጪዎችን ሰደቃ ይቀበል። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጀነት ለመጎራበት የየቲም አሳዳጊዎች የተገባላቸውን ቃል ከሚያገኙት ያድርገን። አሚን።